የወንዙ ድርሻ

ይሄን አላምንም የሚል ሰው ይኖራል። አይመን። እኔም ሌላ ሴት መጥታ ብትነግረኝ "ሂጂ ወዲያ" ብዬ አባርራት ነበር።

ግን በኔ ደረሰ። በዓይኔ አየሁት።

ደግሞ ጨለማ ውስጥ እንዳይመስላችሁ። ጨለማ አልነበረም።

ወሩ ረመዳን ነው። የመግሪብ አዛን ሊባል ትንሽ ሲቀረው... ፀሐይ ገና አባይ ላይ ቀይ ሆና ተቀምጣ። ከአስዋን ዝቅ ብሎ ካለው ከተማ ከኮም ኦምቦ አጠገብ፣ ወንዙ ዳር ያለ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ፣ ፎቅ ላይ፣ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ፊት ለፊት።

ስሜ ነብራ ነው። የኑቢያ ሰው ነኝ። ብዙ አልተማርኩም፣ ያየሁትን ግን አልረሳም።

ሚስካ አንድ ልጄ ናት። ባሏ ሹክሪ ኩዌት ነው የሚሠራው። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቴም ወርዶባታል። ሁለተኛው ሲወርድባት ከሰው መነጋገር ተወች። ግድግዳ ስታይ ነበር የምትውለው።

ስለዚህ ሦስተኛውን ስታረግዝ ክትትሏን አንድ ቀን አላስቀረኋትም። እየጎተትኩ ነው የወሰድኳት።

በአልትራሳውንዱ አይተው "መንታ ናቸው" ሲሏት ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ አስመለሳት።

ልባቸውን አሰሙን። አንዱ እንደሚጋልብ ፈረስ ነው። ሌላው ቀስ ይላል።

"ይሄ ቀስ የሚለው ደህና ነው?" አልኩ።

"ደህና ነው እናቴ። ረጋ ያለ ልጅ ነው" አለችኝ ዶክተር ኢሪኒ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ሚስካ ስንጠራው "የረጋው" ሆነ። ቤታችን ውስጥ ብቻ። ለማንም አልነገርንም።

ዶክተሯ ለብቻዬ ጠርታ እንዲህ አለችኝ፦

"ሚስካ ትረሳለች፣ እርስዎ እንዳይረሱ። የደም ግፊቷ እየጨመረ ነው። እንዳትጾም። ራሷን አጥብቆ ካመማት፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ካለ፣ ወይ የልጆቹ እንቅስቃሴ ከቀነሰባት... 'ነገ' የለም፣ 'ከኢፍጣር በኋላ' የለም። ያኔውኑ ይዘዋት ይምጡ።"

እሺ አልኩ። እኔ እሺ ካልኩ እሺ ነው።

እናንተም ቤት እርጉዝ ካለች ይሄን ያዙት። ሌላውን ታሪኬን ባታምኑ እንኳ ይሄን እመኑ።

በዚያ ቀን የአስርን ሰላት ሰግጄ ስነሳ ሚስካ ጠራችኝ።

"እማ..."

"ወይ።"

"ግድግዳው ላይ መብራት የሚያበራ ማነው?"

ማንም አልነበረም። መብራትም አልነበረም።

ፊቷን አየሁት። እንደ ሊጥ ተነፍቷል። የጋብቻ ቀለበቷ ጣቷ ውስጥ ሰምጧል።

ጎረቤታችን ሐጃ ፈውዚያ በር ላይ ቆማ ትመለከተናለች።

"አንቺ ደግሞ! አሁን ሹፌር ከየት ይመጣል? ሰው ሁሉ ለኢፍጣር ቤቱ እየገባ። ሾርባ ትቅመስ፣ ይለቃታል። እኔ ዘጠኝ ስወልድ ግፊቴን ማን ለካው?"

"ከዘጠኙ ስንቱን አሳደግሽ?" አልኳት።

ክፉ ንግግር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ዝም እንድትል ነበር የፈለግኩት።

መንገድ ወጥቼ ዶሮ የጫነ ፒክአፕ አስቆምኩ።

"እናቴ፣ አዛን ደርሷል፣ ልጆቼ ይጠብቁኛል..."

"ካልወሰድከን ከጎማህ ስር እተኛለሁ። ከዚያ አፍጥር።"

ወሰደን። ሚስካ ጋቢና ገባች፣ እኔ ከኋላ ከዶሮዎቹ ጋር ተጫንኩ።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ዶክተር ኢሪኒ ነበረች። ክርስቲያን ስለሆነች በኢፍጣር ሰዓት ተረኛ የምትሆነው እሷ ናት። ግፊቷን ለካቻት። እንደገና ለካቻት። መርፌ ወጋቻት።

"እንኳን መጣችሁ" አለችኝ። "ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ..."



ወዲያው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። አዋላጇ ሲስተር ኢንሻራህ በሩ ላይ አስቆመችኝ።

"ልብሳቸውን ይዘሻል እናቴ?"

ሁለት ጥቅል ሰጠኋት። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ። ቆቦቻቸውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቢጫው ቆብ ከኋላው አምልጦኝ ስለተተረተረ፣ ሌላ ክር አጥቼ በቀይ ጠግኜዋለሁ።

"አይ፣ ያዥው። ሲወጡ እቀበልሻለሁ። ልጆቹን አንድ በአንድ በዚህ በር ነው የምሰጥሽ። ከሴት አያት በቀር ለማንም አንሰጥም። ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ።"

"ሬሳዬ ነው የሚንቀሳቀሰው" አልኳት።

ሳቀች። በሩ ተዘጋ።

አዛን እየቀረበ ሲመጣ ኮሪደሩ ጭር አለ። አስታማሚው ሁሉ ግቢ ውስጥ ለጾመኛ የተነጠፈው ማዕድ ላይ ሊቀመጥ ወረደ። ዘበኛው መጣ።

"ውረጂ እንጂ እትዬ።"

"አልወርድም።"

"ጾምሽን በምን ልታፈጥሪ ነው? በግድግዳ?"

"በግድግዳ።"

ራሱን እየነቀነቀ ሄዶ፣ በቆርቆሮ ሰሃን ሩዝና ተምር አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠልኝ። ከዚያ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ደረጃውን ወረደ።

ድምፁ ራቀ... ራቀ... ጠፋ።

ብቻዬን ቀረሁ።

ከዚያ ጠብታ ሰማሁ።

ጠብ...

ጠብ...

ከጣሪያው ማራገቢያ በላይ ያለው ቱቦ የሚያንጠባጥብ መሰለኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ደረቅ ነው።

ጠብ...

አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች።

መቼ መጣች? በደረጃው የወጣ ሰው አልሰማሁም።

የለበሰችው አያቶቻችን ይለብሱት የነበረውን ጥቁር ረጅም ቀሚስ ነው፣ ጫፉ መሬት እየጠረገ የእግርን ዱካ የሚያጠፋውን። ውሃው የሚንጠባጠበው ከዚያ ጫፍ ነበር።

ፊቷ የወጣት ነው። እጆቿ ግን... ውሃ ውስጥ ብዙ የቆየ ሰው እጅ ነጭ ሆኖ እንደሚጨማደደው ናቸው።

ሽታም ነበራት። የማውቀው ሽታ። እናቴ ከአሮጌው መንደር ያመጣችውን ትንሽ ጭቃ በጨርቅ ቋጥራ ሣጥን ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። አንድ ጊዜ ውሃ ፈሰሰበትና ቤቱ በሙሉ እንዲህ ሸተተ።

"ልጅሽ ናት?" አለችኝ በሹክሹክታ።

በቋንቋችን ነው። ግን እንደኔ አይደለም። እንደ አያቴ ነው የምትናገረው።

"አዎ። አንቺስ?"

"የኔም ምጥ ላይ ናት።"

"እዚህ ነች?"

"አይ። ታች።"

ታች ያለው መድኃኒት ቤትና ወጥ ቤት ነው። እዚያ የሚወልድ ሰው የለም።

"መቼ ጀመራት?"

"ወንዙ ከታሰረ ጀምሮ።"

አስዋን ላይ ወንዙ በግድብ የታሰረው እኔ ሳልወለድ ነው።

አእምሮዋ የተነካ ሴት ናት አልኩ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሆስፒታል ይመጣሉ፣ ያሳዝናሉ። ላጫውታት አሰብኩ።

"አገርሽ የት ነው እህቴ?"

"ዲባንቶ።"

"እኛ ሰፈር! እንዴት ታዲያ አላውቅሽም?"

"የአዲሱ አይደለሁም" አለች። "የአሮጌው ነኝ።"

አሮጌው ዲባንቶ... ውሃ ስር ነው። እናቴ በልጅነቷ በመርከብ የወጣችበት መንደር ነው። ቤቱም መስጊዱም መቃብሩም ግድቡ ከሠራው ሐይቅ በታች ነው።



"ድሮ ሴት ስትወልድ ሰሃን ታወርዱልን ነበር" አለች። "ገንፎ፣ ቅቤ፣ ተምር። ከዚያ ሄዳችሁ፣ ተዋችሁን። ልጄ ጉልበት የላትም። የምትወልደው አይተነፍስም።"

እናቴ ስለ ወንዙ ሰዎች ትነግረኝ ነበር። ሴት ስትወልድ እንደ ጎረቤት ድርሻቸው ይሰጣቸዋል። እኔ ግን በረሃ ላይ በተሠራ መንደር ነው ያደግኩት፣ ከወንዙ ርቄ። ተረት ነበር የሚመስለኝ።

"ያንቺዋ ሁለት አላት" አለች።

ወደ በሩ ዞርኩ።

"አንዱን።"

"አንዱን ምን?"

"ስጪኝ።"

"ሁለቱም የኛ ናቸው" አልኳት።

ወደኔ ጠጋ አለች። ወንበሩ ሲረጥብ ተሰማኝ።

"የረጋውን ብቻ..."

የረጋውን!

ማን ነገራት?

ያን ጊዜ ውስጥ የብረት ዕቃ ወደቀ። የዶክተር ኢሪኒ ድምፅ ከፍ አለ።

"ግፊቷ! ያዣት... ያዣት!"

ልጄ እየተንቀጠቀጠች ነው። አልጋው ሲንገጫገጭ እሰማለሁ። በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩ። የከፈተልኝ የለም።

"ትሞታለች" አለች ሴትዮዋ ከኋላዬ። ቀስ ብላ። "እምቢ ካልሽ ድርሻችንን አውርጂ። በራስሽ እጅ። ፀሐይዋ ሳትገባ። ልጅሽ ትተርፋለች።"

"ልጆቹስ?"

"ልጅሽ ትተርፋለች።"

"ልጆቹስ አልኩሽ!"

በመስኮቱ ወደ ፀሐይዋ አየች። ግማሿ ገብታለች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ንገሩኝ እስቲ። ከበሩ ማዶ ልጃችሁ አልጋ እያንገጫገጨች...

ሰሃኑን አነሳሁ። ጥቅሎቹን ወንበሩ ላይ ጣልኳቸው።

ደረጃው ጋ ስደርስ ከኋላዬ ሰማኋት።

"በሩን እኔ አይልሻለሁ።"

ሰምቼ ሄድኩ።

በግቢው መሀል ሮጥኩ። ሰው ሁሉ ተምር በእጁ ይዞ የኢፍጣርን ሰዓት የሚያበስረው መድፍ እስኪተኮስ ይጠብቃል። "እትዬ፣ ነይ ብዪ እንጂ!" ይሉኛል። አላየኋቸውም። በኋላ በር ወጥቼ በሸምበቆው መሀል እስከ ጉልበቴ ጭቃ ገባሁ።

እናቴ ትለው የነበረውን አልኩ።

"የወንዙ ሰዎች፣ ድርሻችሁን ውሰዱ። የኛን ተዉልን።"

ሰሃኑን ውሃው ላይ ለቀቅኩት።

አልተንቀሳቀሰም።

አባይ ይፈሳል፣ ሸምበቆው ይታጠፋል፣ ቅጠል አጠገቡ እየተንሳፈፈ ያልፋል... ሰሃኑ ግን ቆሟል። አንድ ሰው ከስር በመዳፉ እንደያዘው።

መድፉ ተተኮሰ።

ወዲያው ከላይ፣ ከፎቁ መስኮት፣ የሕጻን ለቅሶ ሰማሁ።

"አልሐምዱሊላህ!" ብዬ ጮህኩ። ጭቃው ውስጥ ቆሜ እንደ እብድ ሳቅኩ።

ቆይቶ ሁለተኛው ለቅሶ መጣ። ዝግ ያለ ለቅሶ ነው። የረጋ።

ግን ከላይ አልነበረም።

ከኋላዬ ነበር። ከውሃው በኩል።

ማሚቶ ነው አልኩ። ግድግዳ መትቶ የተመለሰ ድምፅ ነው አልኩ። እያልኩ ግን እየሮጥኩ ነበር።

ፎቅ ወጣሁ። ሴትዮዋ የለችም። ወንበሩ ላይ ጥቅሎቹ የሉም። በሩ ገርበብ ብሏል። ሲስተር ኢንሻራህ በነጭ የተጠቀለለች ልጅ ይዛ ቆማለች፣ ፊቷ በላብ ርሷል።

"እሰይ፣ መጣሽ። ሚስካ ደህና ናት፣ አላህ አተረፋት። ይቻት ሴቷ፣ ተቀበይኝ። ወንዱን የት አስተኛሽው?"

"የቱን ወንድ?"

"እናቴ፣ አሁን ሰዓቱ የቀልድ ነው?"

"የቱን ወንድ ሲስተር?"

"አሁን የሰጠሁሽን! ልብሱን አቀበልሽኝ፣ በቢጫው ጠቅልዬ ሰጠሁሽ። ስመሽው የለ?"

ባዶ እጆቼን አሳየኋት።

ሲስተር ኢንሻራህ አየችኝ። ፊቴን። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ታች... ከጉልበቴ በታች የተጋገረውን ጭቃ፣ ከላይ ያለውን ደረቅ ቀሚሴን።

"ያኔ... ጥቁር ነበር የለበስሽው" አለች። "እስከ አንገትሽ ርሰሽ ነበር። 'ላብ ነው' አልሽኝ።"

ሁለታችንም አንድ ላይ ወለሉን አየን።

ሰፊ የውሃ መስመር አለ፣ እርጥብ ቀሚስ የተጎተተበት። የእግር ዱካ የለውም። ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ይነሳና በኮሪደሩ ሄዶ... ሄዶ... መጨረሻ ላይ ካለው ግድግዳ ስር ያልቃል።

እዚያ በር የለም። መስኮት የለም። ግድግዳ ነው።

ፈለግን። ምድጃ ውስጥ ሳይቀር ፈለግን። ዘበኞቹ ጾማቸውን ሳያፈጥሩ ፈለጉ። ዶክተር ኢሪኒ ጓንቷን ሳታወልቅ ወደ ወንዙ ወርዳ ሸምበቆ ውስጥ ስትጣራ አይቻታለሁ። ስም እንኳ የለውም፣ ምን ብላ ትጣራ? "ሕጻን!" ትላለች። "ሕጻን!"

ፖሊስ መጣ። ሲስተር ኢንሻራህ ቁርአን ይዛ ማለች።

"ለእሷ ነው የሰጠሁት። ለራሷ ነው" ትላለች፣ በጣቷ እኔን እያሳየች።

እኔንም ጠየቁኝ። ያየሁትን ነገርኳቸው። መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ሰፈር ስንመለስ ሐጃ ፈውዚያ ለሰው ሁሉ "ሸጠችው" ብላ ጠብቃናለች። ሹክሪ ከኩዌት ደውሎ አለቀሰ፣ ከዚያ ሰደበኝ፣ ከዚያ እንደገና አለቀሰ።

ሚስካ ግን አላለቀሰችም። ሴቷን ልጅ እያጠባች ጣሪያ ታያለች።

"እማ..."

"ወይ ልጄ።"

"ወገቤን ብቻ ነበር ያደነዘዙኝ። ትንሽ ነቅቼ ነበር። ድምፅሽን ሰማሁት። በሩ ላይ ስታዜሚለት።"

"እኔ አልነበርኩም።"

"አውቃለሁ። ዜማውን አላውቀውም። የድሮ ነው።" ወደኔ ዞረች። "ሰጠሻት ወይስ ወሰደችው?"

"አልሰጠሁም! በአላህ ስም አልሰጠሁም!"

"እንግዲያው የኔ ነው" አለች። "የትም ይሁን የኔ ነው።"

በሰባተኛው ቀን፣ እንደ ወጋችን፣ የሴቷን ፀጉር ላጨናት። ስሟን ወጅዳን አልናት።

ሚስካ ተነሳች።

"ወንዝ ውሰጂኝ።"

"ቁስልሽ ይፈታል! ዶክተሯ ምን አለች? ደረጃ አትውጪ፣ ከባድ አታንሺ፣ ትኩሳት ካለሽ ነይ..."

"አንቺ ካልወሰድሽኝ ብቻዬን እሄዳለሁ።"

ልጄ ናት። ግትርነቷን ከማን እንዳመጣችው ታውቃላችሁ።

ያችን ሸምበቆ ያለባትን ቦታ አሳየኋት። አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ አንድ እጇን ትከሻዬ ላይ ጥላ ወረደች። ፀሐይዋ ቀይ ናት፣ እንደዚያ ቀን።

ሰሃኑ እዚያው ነበር።

የሆስፒታሉ የቆርቆሮ ሰሃን። የለቀቅኩት ቦታ ላይ፣ ዝም ብሎ ቆሟል። ሩዙ የለም፣ ተምሩ የለም። ታጥቧል፣ ያብለጨልጫል።

ውስጡ ቢጫ ቆብ አለ።

ከኋላው በቀይ ክር የተጠገነ።

ሚስካ ናት ጎንበስ ብላ ያነሳችው። ገለበጠችው።

መዳፏ ላይ ፀጉር ወደቀ። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የአራስ ልጅ ፀጉር። ገና አሁን በምላጭ የተላጨ።

"ሰባተኛ ቀኑን አወጡለት..." አለች ሚስካ በሹክሹክታ።

አልጮኸችም። ፀጉሩን ጡቷ ስር ከተተችው። ከዚያ የቀሚሷን ቁልፍ ፈታች፣ ሰሃኑን ከደረቷ ስር ያዘች፣ ወተቷን አለበችበት። ብዙ ጊዜ ፈጀ። ወተቱ የሰሃኑን ታች ሸፈነው። ጎንበስ ብላ ውሃው ላይ አስቀመጠችው፣ ለቀቀችው።

ቅጠሎቹ ወደ ታች እየተንሳፈፉ ነበር።

ሰሃኑ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወተቱ ሳይፈስ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ላይ... ውሃው ወደሚመጣበት፣ ወደ አሮጌው ዲባንቶ... መሄድ ጀመረ።